ቁጥር 88፦ የጆን ማኪ ጭንቅላት እና የእኛ ልጆች ጭንቅላት

የዛሬው ጽሑፍ ከወትሮው ረዘም ይላል። አሁን ጊዜ ከሌላችሁ ሴቭ አድርጉትና ማታ ተረጋግታችሁ አንብቡት።

በውስጥ መስመር ደጋግመው ከሚደርሱኝ ጥያቄዎች ሁለቱ እነዚህ ናቸው። አንደኛው፦ «ዶክተር፣ ልጄ ኳስ ሲጫወት ከሌላ ልጅ ጋር ጭንቅላት ለጭንቅላት ተጋጭቶ ወደቀ። ትንሽ ደንዘዝ ብሎ ተነሳና ጨዋታውን ጨረሰ። ሐኪም ቤት ልውሰደው ወይስ ይተወዋል?» ሁለተኛው፦ «አባቴ ከወር በፊት ቤት ውስጥ ወድቀው ነበር። አሁን ነገር ይረሳሉ፣ ዝም ይላሉ። እርጅና ነው ወይስ ውድቀቱ ነው?» ለሁለቱም መልስ አለኝ። ከዚያ በፊት ግን ከሐረር ራቅ ብዬ አንድ ሰው ላስተዋውቃችሁ። ዛሬ ስለ ጭንቅላት ምት የምናውቀው ብዙ ነገር ከእሱና ከጓደኞቹ ሕይወት የተገኘ ነው።

ሰውየው ጆን ማኪ ይባላል። የአሜሪካ ፉትቦል ተጫዋች ነበር፤ ያ እንቁላል በመሰለች ኳስ፣ ሄልሜት አጥልቀው እየተላተሙ የሚጫወቱት። «እኛ የአርሴናልና የማንቼ ጣጣ መቼ አለቀልንና!» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። ትንሽ ታገሱኝ፣ ወደ ቴስታም እንመጣለን።

የማኪ ቦታ «ታይት ኤንድ» ይባላል። በዚያ ጨዋታ ግዙፎቹ ሰዎች በአንድ መስመር ተደርድረው ሥራቸው መግፋት ብቻ ነው። ቀጫጭኖቹና ፈጣኖቹ ደግሞ ሮጠው ኳስ ይቀልባሉ። ታይት ኤንድ የሚባለው በመስመሩ ጫፍ ላይ ቆሞ ሁለቱንም የሚሠራ ነው። አንዴ ከመቶ ኪሎ በላይ የሚመዝን ሰው በትከሻውና በደረቱ ይገታል። ቀጥሎ ራሱ ሮጦ ኳስ ይቀልባል፤ ኳሷን ከያዘ በኋላ ደግሞ ሁሉም ተራ በተራ እሱን ለመጣል ይመጣሉ። አንድ ሰው በፈረስ መጋላ ጭነት አውራጅም የመቶ ሜትር ሯጭም ይሁን እንደማለት ነው። ስለዚህ ምቱ ከፊትም ከኋላም ከጎንም ነው። ብዙ ሰው ያየው የሮብ ግሮንካውስኪ ታሪክም ይህንኑ ያሳያል። አራት ጊዜ ሱፐር ቦውል ያሸነፈ ታይት ኤንድ ነው፤ ወገቡ፣ ክንዱና ጉልበቱ በተደጋጋሚ ቀዶ ጥገና ተደርጎባቸዋል። በ2019 ገና በ29 ዓመቱ «በቃኝ» ብሎ ነበር፤ ከአንድ ዓመት በኋላ ተመለሰ እንጂ። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ማኪ የተወለደው በ1941 ኒውዮርክ ውስጥ ነው፤ አባቱ የባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ሰባኪ ነበሩ። ሲራኪዩዝ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ተጫወተ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣል ላድርግ፦ እሱ እዚያ ተማሪ በነበረበት በጥር 1962 የእኛ ብሔራዊ ቡድን አዲስ አበባ ላይ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፎ የአፍሪካ ዋንጫን አነሣ። ስለዚያ ዘመን ኳስ በኋላ እመለስበታለሁ።

በ1963 የባልቲሞር ኮልትስ ቡድን ማኪን መረጠው። ቁመቱ 1 ሜትር ከ88፣ ክብደቱ ወደ 102 ኪሎ ነበር። ከእሱ በፊት ታይት ኤንድ ማለት በአብዛኛው ገፊ ማለት ነበር። ማኪ ግን ኳስ ይዞ ሲሮጥ ሰው እየጎተተ የሚሄድ ዓይነት ሆነ። በ1966 ብቻ ዘጠኝ ጊዜ በመቀበል አስቆጠረ፤ ከዘጠኙ ስድስቱ ከ50 ያርድ በላይ የተሮጠባቸው ነበሩ። በጥር 1971 በአምስተኛው ሱፐር ቦውል ከጆኒ ዩናይተስ የተወረወረች ኳስ የራሱን ጓደኛና የተቃራኒውን ተከላካይ እጅ ነክታ ወደ እሱ መጣች። ቀለባትና 75 ያርድ ሮጦ አስቆጠረ። ቡድኑ ዳላስን 16 ለ 13 አሸንፎ ዋንጫ ወሰደ። በ10 ዓመት የጨዋታ ዘመኑ የቀረበት ጨዋታ አንድ ብቻ ነው።

ይህችን የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ያኔ እንደ ሙገሳ ነበር የሚጽፏት። እኔ እንደ ሐኪም ሳነባት ግን ሌላ ጥያቄ ይመጣብኛል፦ ስንት ጊዜ ተመትቶ፣ ዓይኑ ጭጋግ ሆኖበት፣ ጆሮው እየጮኸ ገባ ማለት ነው?

ሰውየው ኳስ ብቻ አልነበረም። ከ1970 እስከ 1973 የተጫዋቾች ማኅበር ፕሬዚዳንት ነበር፤ አድማ መርቷል። በዚያን ጊዜ አንድ ተጫዋች ውሉ ቢያልቅም ወደ ሌላ ቡድን ሲሄድ፣ አዲሱ ቡድን ለድሮው ቡድን የሊጉ ኮሚሽነር የሚወስነውን ካሣ መክፈል ነበረበት። ማን ደፍሮ ይውሰደው? ማኪ በስሙ ከሰሰ፤ በ1976 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ለተጫዋቾቹ ፈረደ። ዛሬ እዚያ ያሉ ተጫዋቾች ቡድን ሲቀይሩ የሚያገኙት ሚሊዮን ዶላር ሥሩ ሲቆፈር እሱ ጋ ይደርሳል። ወደ ዝነኞቹ አዳራሽ ግን እስከ 1992 አልገባም፤ ብዙዎች የዘገየው በማኅበሩ ሥራ ምክንያት ነው ብለው ያምናሉ።

አሁን ወደ ሕመሙ።

በስልሳዎቹ ዕድሜ መግቢያ ገደማ ፍሮንቶቴምፖራል ዲሜንሽያ እንዳለበት ታወቀ። ይህ ከአልዛይመር ይለያል። አልዛይመር ብዙ ጊዜ በመርሳት ነው የሚጀምረው። ይሄኛው ግን የፊተኛውንና የጎኑን የአንጎል ክፍል ስለሚያጠቃ መጀመሪያ የሚቀየረው ጠባይ ነው። ጨዋ የነበረው ሰው ያልተገባ ነገር ይናገራል፣ ይቆጣል፣ ይጠራጠራል፣ ምግብ ላይ ልኩን ያጣል፣ ስለ ሌላው ሰው ስሜት ግድ ያጣል። እኛ ሀገር ቢሆን «ተለወጠብን» ወይም «ሰው ነገር አደረገበት» ነበር የሚባለው። አንድ ጊዜ አውሮፕላን ማረፊያ የፍተሻ ሠራተኞች የሻምፒዮንነትና የዝነኞቹን አዳራሽ ቀለበቶቹን እንዲያወልቅ ጠየቁት። ሊሰርቁኝ ነው ብሎ ያንን ግዙፍ ሰውነቱን ይዞ ሮጠ፤ ጠባቂዎች ናቸው ጥለው የያዙት። በሕይወቱ የሠራውን ነገር ሁሉ አንድ በአንድ እየተወ የሄደ ሰው፣ ያቺን ቀለበት ግን አልለቀቀም።

ባለቤቱ ሲልቪያ ከሃምሳ ዓመት በኋላ የበረራ አስተናጋጅ ሆና ሥራ ገባች፤ ዋናው ምክንያት የጤና መድኅን ነበር። የባሏ የጡረታ ገንዘብ የአስታማሚ ወጪውን አይሸፍንም። በ2006 ለሊጉ ኮሚሽነር ደብዳቤ ጻፈች፤ በሽታው በሽተኛውን ብቻ ሳይሆን አስታማሚውንም እንደሚገድል ሳትሸፋፍን ነገረቻቸው። በ2007 ሊጉና የተጫዋቾች ማኅበሩ አንድ ፈንድ አቋቋሙ። የመርሳት በሽታ ለያዛቸው የቀድሞ ተጫዋቾች በዓመት እስከ 88,000 ዶላር የእንክብካቤ ወጪ የሚሸፍን ነበር። ቁጥሩ በአጋጣሚ አይደለም፤ ማኪ የለበሰው ማሊያ ቁጥር 88 ነው። «ፕላን 88» ይሉታል። እሱ ራሱ በሐምሌ 2011፣ በ69 ዓመቱ አረፈ። ቤተሰቡ አንጎሉን ለቦስተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሰጡ፤ ሲ.ቲ.ኢ. የሚባለው በሽታ ተገኘበት።

ሲ.ቲ.ኢ. ምንድን ነው? ታሪኩ አፍሪካዊ ሐኪም አለበት፤ እዚህ ላይ ትንሽ ደረቴን ነፋ ላድርግ። በ2002 ማይክ ዌብስተር የሚባል የፒትስበርግ ስመ ጥር ተጫዋች በ50 ዓመቱ ሞተ። በመጨረሻ ዓመታቱ መኪናው ውስጥ ያድር ነበር፣ ሐሳቡ የተበታተነበት ሰው ሆኖ ነበር። አስከሬኑን የመረመሩት ናይጄሪያ ተወልደው እዚያው ሕክምና የተማሩት የፓቶሎጂ ሐኪም ዶክተር ቤኔት ኦማሉ ነበሩ። አንጎሉ በዓይን ሲታይ ደህና ይመስላል። ኦማሉ ግን «ይህ ሰው እንዲህ ሆኖ ሞቶ አንጎሉ ደህና ሊሆን አይችልም» ብለው ስስ ስስ አድርገው ቆርጠው በማይክሮስኮፕ አዩት፤ የምርመራውንም ወጪ ከኪሳቸው ከፍለዋል። ታው የሚባል ፕሮቲን በማይገባው ቦታ ተከማችቶ አገኙ። በ2005 ጥናቱን አሳተሙ። የሊጉ ሐኪሞች ጽሑፉ ይሰረዝ ብለው ጻፉ። አልተሰረዘም። ፊልሙን ያያችሁ ታስታውሳላችሁ፣ በ2015 ዊል ስሚዝ የሠራው።

እንዲያው አዲስ ነገርም አልነበረም። በ1928 ሃሪሰን ማርትላንድ የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም ቦክሰኞች ከዓመታት በኋላ እንደ ሰካራም እንደሚንገዳገዱና አእምሯቸው እንደሚደክም ጽፎ ነበር። ሰው ግን «የቦክሰኛ ነገር» ብሎ አለፈው።

ምቱ ምን እንደሚያደርግ ቀለል አድርጌ ላስረዳ። ወተት በቅል ሲናጥ አይታችኋል። ቅሉ አይሰበርም፣ ከውጭ ምንም አይታይም፤ ውስጥ ያለው ግን ወዲያ ወዲህ እየተላተመ ነው ቅቤ የሚወጣው። አንጎልም ለስላሳ ነው፣ ፈሳሽ ውስጥ ተንሳፎ ነው ያለው። ጭንቅላት በድንገት ሲመታ ወይም ሲቆም አጥንቱ ይቆማል፣ አንጎሉ ግን ይቀጥላል፤ ይጠመዘዛል፣ ቀጫጭን የነርቭ ክሮቹ ይለጠጣሉ። ሄልሜት አጥንቱ እንዳይሰበር ይከላከላል፤ ውስጥ ያለውን መናጥ ግን ሙሉ በሙሉ አያስቀረውም። ለዚህ ነው ሄልሜት አጥልቀው የሚጫወቱት ሰዎች የታመሙት። በ2022 ሊጉ በልምምድ ላይ ከሄልሜቱ በላይ ተጨማሪ ስፖንጅ መሰል ሽፋን ግዴታ ሲያደርግ፣ ከታዘዙት መካከል ታይት ኤንዶች ነበሩበት።

ልብ በሉ፤ ሰውን ራሱን የሚያስተው ትልቁ ምት ብቻ አይደለም ጉዳቱ። ተመራማሪዎች አሁን አጥብቀው የሚናገሩት ምንም ምልክት ስለማያሳዩት፣ ግን በሺህ ጊዜ ስለሚደጋገሙት ትናንሽ ምቶች ነው። ስንት ዓመት ተጫወተ የሚለው፣ ስንት ጊዜ ራሱን ሳተ ከሚለው ይልቅ ይመዝናል።

አሁን ደግሞ ፍሬን ልያዝ። በ2017 የታተመ ጥናት ከ111 የቀድሞ የሊጉ ተጫዋቾች አንጎል በ110ሩ ላይ ሲ.ቲ.ኢ. አገኘ። ይህ ቁጥር ፌስቡክና ቲክቶክ ላይ ሲዞር «ከመቶ ዘጠና ዘጠኙ ይታመማሉ» ተብሎ ነው። እንደዚያ ማለት አይደለም። አንጎል የሚለግሰው በአብዛኛው ቀድሞ የታመመ ሰው ቤተሰብ ነው። ሁሉም ተጫዋች ይታመማል የሚል ማስረጃ የለም። በሽታው በሕይወት ላለ ሰው በእርግጠኝነት የሚታወቅበት ምርመራም እስካሁን የለም፤ የሚረጋገጠው ከሞት በኋላ ነው። ሌላም ታይት ኤንድ ነበር፣ አሮን ሄርናንዴዝ። ሰው ገድሎ ተፈርዶበት በ2017፣ በ27 ዓመቱ እስር ቤት ውስጥ ሞተ። አንጎሉ ሲታይ በዚያ ዕድሜ ከፍተኛ ደረጃ የደረሰ ሲ.ቲ.ኢ. ነበረበት። አንዳንዱ «ይኸው፣ ምቱ ነው ገዳይ ያደረገው» አለ። እኔ ይህን አልልም፤ የአንድ ሰው ድርጊት ከአንድ በሽታ ብቻ የሚመነጭ አይደለም። በሺህ የሚቆጠሩ ተመሳሳይ ምት የደረሰባቸው ሰዎች ማንንም አልነኩም።

እሺ፣ ወደ እኛ ኳስ። ቴስታ!

ጄፍ አስትል የእንግሊዙ ዌስትብሮም አጥቂ ነበር፤ በ1968 የኤፍኤ ካፕ ፍጻሜ አሸናፊዋን ጎል ያገባ። በተለይ በግንባሩ ነበር የሚታወቀው። በ2002 በ59 ዓመቱ የመርሳት በሽታ ይዞት ሞተ። የሞቱን ምክንያት የመረመረው ባለሥልጣን «ሥራው ያመጣበት በሽታ» ብሎ ወሰነ። በ2014 አንጎሉ እንደገና ሲመረመር ሲ.ቲ.ኢ. ተባለ። ያኔ ኳሷ ከቆዳ የተሰፋች ነበረች፤ ዝናብ ሲመታት ውኃ ትጠጣና ትከብዳለች። የእኛዎቹ የ1962 ጀግኖች የተጫወቱባትም የዚያው ዘመን የቆዳ ኳስ ናት። «ዛሬ ኳሱ ቀላል ነው፣ ችግር የለም» የሚል አለ። የዛሬዋ ውኃ አትጠጣም እውነት ነው፤ ግን ደግሞ በፍጥነት ትመጣለች።

በ2019 የስኮትላንድ ተመራማሪዎች 7,676 የቀድሞ ፕሮፌሽናል ተጫዋቾችን በተመሳሳይ ዕድሜ ካሉ ከ23,000 በላይ ሰዎች ጋር አነጻጸሩ። ተጫዋቾቹ በአንጎል መመናመን በሽታ የመሞት ዕድላቸው ሦስት ተኩል እጥፍ ሆኖ ተገኘ። በኋላ በወጣው ተከታይ ጥናት ጭማሪው የከፋው ተከላካዮች ላይ ነው፤ በረኞች ላይ ግን ይህ ነው የሚባል ጭማሪ አልታየም። ኳስ በግንባሩ የማይመታው ማን ነው? በረኛ። የዚያው ጥናት ሌላ ገጽ ግን አለው፣ እሱን የሚጠቅስ ሰው አላይም፦ ተጫዋቾቹ በልብ በሽታና በሳንባ ካንሰር የሞቱት ከሌላው ሰው ያነሱ ነበሩ። ኳስ ጨዋታ ጤና ነው። ልጃችሁን ከሜዳ አታስቀሩት፤ ስልክ ላይ ተጎልቶ ከሚውል ሺህ ጊዜ ኳስ ይጫወት።

ግን ቴስታ በልኩ። አሜሪካ ከ2015 ጀምሮ 10 ዓመትና ከዚያ በታች ላሉ ልጆች በግንባር መምታትን ከልክላለች። እንግሊዝም በ2020 ለታዳጊዎች በልምምድ ላይ ቴስታ እንዳይኖር መመሪያ አወጣች። የእኛ ሰፈር አሠልጣኞች ይህን ለመከተል በጀት አያስፈልጋቸውም። ገና የወተት ጥርሱ ያላለቀን ልጅ አሰልፎ ኳስ እየወረወሩ «በግንባር! በግንባር!» ማለቱን መተው ነው። ትንንሾቹ እግራቸውን ይማሩ፣ ግንባሩ ይደርሳል።

አሁን የመጀመሪያው ጥያቄ። ልጁ ተጋጨ፣ ደነዘዘ፣ ተነሳ።

መጀመሪያ የማናደርገውን ላንሳ፣ ምክንያቱም ሜዳ ዳር የማየው ይህ ነው። በጥፊ እየመታን አንቀሰቅስም። ውኃ ፊቱ ላይ ደፍተን ጎትተን አናስነሳም፤ አንገቱ ተጎድቶ ከሆነ በመጎተት ሽባ ልናደርገው እንችላለን። ሽንኩርት ማሽተት፣ ያበጠውን ግንባር ማሸት ምንም አይፈይድም። ከሁሉም የከፋው ደግሞ «ወንድ አይደለህ እንዴ! ግባ!» የሚለው ነው።

ሐኪሞች ኮንከሽን የምንለው የአንጎል መናወጥ ራስን መሳት አያስፈልገውም። ብዙዎቹ ራሳቸውን አይስቱም። ልጁ ከምቱ በኋላ ራሱን ካመመው፣ ካዞረው፣ ካቅለሸለሸው፣ ብርሃንና ድምፅ ከረበሸው፣ ጥያቄ ሲጠየቅ ዘግይቶ ከመለሰ፣ «ስንት ለስንት ነን?» ሲባል ግራ ከተጋባ ይበቃል። ከሜዳ ይወጣል፤ በዚያ ቀን አይመለስም። ፊሽካ ሳይነፋ ይሁን፣ ፍጻሜ ጨዋታ ይሁን፣ ቅያሪ ይለቅ፣ አይመለስም። ምክንያቱ ጥቃቅን አይደለም። የመጀመሪያው ምት ሳያገግም ሁለተኛ ምት ከተጨመረ፣ በተለይ በልጆችና በወጣቶች ላይ፣ አልፎ አልፎ አንጎል በድንገት ያብጥና ሊገድል ይችላል። ብዙ አይከሰትም፤ ሲከሰት ግን ለማዳን ጊዜ አይሰጥም።

የሚቀጥሉት አንድ ሁለት ቀናት ዕረፍት ነው። አልጋ ላይ ተጋድሞ መዋል ማለት አይደለም፤ ቤት ውስጥ ቀስ ብሎ መንቀሳቀስ ይችላል። ስልክና ቲቪ ይቀነስ። ራሱን ካመመው ፓራሲታሞል ይበቃል። ኢቡፕሮፌንና አስፕሪን በመጀመሪያው ቀን አትስጡ፣ መድማት ካለ ሊያባብሱ ይችላሉ። «እንቅልፍ ከወሰደው ይሞታል» የሚባለው ደግሞ በሰፊው ይታመናል። ሐኪም አይቶት ወይም ሙሉ በሙሉ ነቅቶ እያወራ ከሆነ ይተኛ፤ እንቅልፍ መድኃኒቱ ነው። የመጀመሪያዋን ሌሊት ግን ብቻውን አይደር፣ አንድ ሁለቴ ቀስቅሳችሁ በትክክል እንደሚመልስ እዩ። ከዚያ ቀስ በቀስ፦ መራመድ፣ ቀላል ሩጫ፣ ያለ ንክኪ ልምምድ፣ በመጨረሻ ጨዋታ። እያንዳንዱ ደረጃ ላይ ቢያንስ አንድ ቀን ይቆይ፤ ምልክቱ በደንብ ከተቀሰቀሰ ይቁምና በሚቀጥለው ቀን ከአንድ ደረጃ ዝቅ ብሎ ይጀምር። ወደ ንክኪና ጨዋታ ከመመለሱ በፊት ሐኪም ይየው። አብዛኛው አዋቂ በሁለት ሳምንት፣ ልጆች እስከ አራት ሳምንት ድረስ ይድናሉ።

እዚህ ላይ ለሐረር ወጣቶች ለብቻ የምናገረው አለኝ። ጫት። ቅዳሜ ጠዋት ተጫውቶ፣ ጭንቅላቱን ተመትቶ፣ ከሰዓት በርጫ የሚቀመጥ ተጫዋች አውቃለሁ። ጫት እንቅልፍ ይነሳል፣ የልብ ምትና የደም ግፊት ይጨምራል፣ ራስ ምታቱንም ስለሚሸፍነው ሰውየው የዳነ ይመስለዋል። ስለ ጫት ሌላ ጊዜ እንከራከር፤ ለአሁኑ ግን ከጭንቅላት ምት በኋላ ምልክቱ እስኪጠፋ ድረስ ተዉት።

ስለ ሲቲ ስካንም ልበል። «ሲቲ ተነሳሁ፣ ነጻ ነው፣ ልጫወት» የሚል ብዙ ነው። ሲቲ የሚያሳየው ደም መፍሰስንና ስብራትን ነው። የአንጎል መናወጥ በሲቲ አይታይም። ነጻ ወረቀት ማለት «ቀዶ ጥገና አያስፈልግህም» እንጂ «ሜዳ ግባ» ማለት አይደለም።

ከኳስ ይልቅ ግን እውነቱን ለመናገር የእኛ ከተማ ጭንቅላት የሚመታው አስፋልት ላይ ነው። ከባጃጅ ጎን ተንጠልጥሎ መሄድ፣ ሞተር ላይ ሦስት ሆኖ መፈናጠጥ። አሜሪካኖቹ ሄልሜት አጥልቀው ታመሙ ስላልኩ «እንግዲያማ ሄልሜት አይጠቅምም» ብላችሁ እንዳትወጡ። ለሞተር ሳይክል ነገሩ ሌላ ነው። ብዙ ጥናቶችን አሰባስቦ የገመገመ ትንታኔ ሄልሜት የሞት አደጋን በ42 በመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን በ69 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል። እጀታው ላይ አንጠልጥሎ መሄዱ ግን እጀታውን ነው የሚያድነው።

ሁለተኛው ጥያቄ የአባታችን ነው።

የጁገል ቤቶችን የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ የሐረሪ ባህላዊ ቤት ሲገባ ከፍና ዝቅ ያሉ አምስት ነደባዎች አሉት። ያማረ ነገር ነው፤ ለሰማንያ ዓመት አዛውንት ጉልበትና ለደከመ ዓይን ግን ሌሊት ወደ ሽንት ቤት ሲነሱ ፈተና ነው። አዛውንቶች ላይ አንጎል በዕድሜ ስለሚሟሽሽ፣ ከሽፋኑ ጋር የሚያገናኙት ትናንሽ የደም ሥሮች በትንሽ ምት ይቀደዳሉ። ደሙ ጠብ ጠብ እያለ ይጠራቀማል። በዚያ ቀን ምንም የለም። ከሦስት ሳምንት፣ ከወር፣ ከሁለት ወር በኋላ መርሳት፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት፣ አንድ እግር መጎተት፣ ራስ ምታት ይጀምራል። በተለይ አስፕሪን ወይም ደም ማቅጠኛ የሚወስዱ ከሆነ። ቤተሰቡ «ጃጁ» ብሎ ይቀመጣል። ይህ ግን በሲቲ ስካን ይታያል፣ አጥንቱን በትንሹ በስቶ ደሙን በማስወጣትም ይታከማል፤ ብዙዎች ወደ ቀድሞ ማንነታቸው ይመለሳሉ። ስለዚህ ለጠየቃችሁኝ ሁሉ፦ ከውድቀት በኋላ በሳምንታት ውስጥ የተለወጠ አዛውንት እርጅና አይደለም፣ ምርመራ ነው የሚያስፈልገው።

ውድቀት ባይኖርም የመርሳት ምክንያት ሁሉ የማይመለስ አይደለም። የእንቅርት ሆርሞን ማነስ፣ የቫይታሚን ቢ 12 እጥረት፣ ድብርት፣ የመድኃኒቶች መደራረብ፣ የጆሮ መስማት ችግር መርሳት መስለው ይመጣሉ። በሐኪም ሳይታዩ «ዕድሜ ነው» አትበሉ። ቤት ውስጥ ደግሞ ከነደባ ጠርዝ ላይ ጎልቶ የሚታይ ቀለም፣ ሌሊት የማትጠፋ ትንሽ አምፖል፣ ግድግዳ ላይ መያዣ እንጨት፤ ይሄን ሁሉ በአንድ ቀን የሰፈር አናጺ ይጨርሰዋል።

መርሳቱ እውነተኛው ዲሜንሽያ ሆኖ ሲገኝስ? ያኔ ሲልቪያን አስቧት። እኛ ሀገር የሷን ቦታ የሚይዘው አብዛኛውን ጊዜ አንዲት ሴት ልጅ ወይም ምራት ናት። ሥራዋን ትታ፣ ሌሊት ሳትተኛ፣ «ምርቃት ታገኛለች» ተብላ ብቻዋን የምትቀር። ፕላን 88 የለንም። አፎቻ ግን አለን። ለሠርግና ለለቅሶ እንደሚሰባሰበው ሁሉ፣ በሳምንት ሁለት ከሰዓት ተራ ገብቶ አዛውንቱን የሚጠብቅ ሰው ቢመድብ አስታማሚዋ ትተኛለች፣ ራሷም ሐኪም ትታያለች። እዚያው ሰፈር ያደጉ አዛውንት ቢጠፉም የጀጎል ሰው ስለሚያውቃቸው መልሶ ያመጣቸዋል፤ ወደ አዲሱ ከተማ ሲወጡ ግን አደጋ አለ፣ ኪሳቸው ውስጥ ስልክ ቁጥር ያለበት ወረቀት ይኑር።

የሚከተሉትን ካያችሁ፣ ልጅም ይሁን አዛውንት፣ ነገ ጠዋት አትበሉ፦ እየባሰ የሚሄድ ራስ ምታት፣ ተደጋጋሚ ማስታወክ፣ መንቀጥቀጥ፣ ለመቀስቀስ ማስቸገር፣ የአንድ ወገን መዛል፣ የንግግር መተሳሰር፣ የአንዱ ዓይን ብሌን ከሌላው መስፋት፣ ከጆሮ ወይም ከአፍንጫ ንጹሕ ፈሳሽ ወይም ደም መውጣት፣ የአንገት ሕመም። አንገቱን ካመመው ሳታንቀሳቅሱ 907 ደውላችሁ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ጠብቁ። ካልሆነ በቀጥታ ወደ ሕይወት ፋና ወይም ወደ ጁገል ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል። ስትደርሱ መቼ እንደተመታ፣ በምን እንደተመታ፣ ራሱን ስቶ ከነበረ ለስንት ደቂቃ እንደሆነ፣ ምን መድኃኒት እንደሚወስድ ንገሩ፤ ያየው ሰው አብሮ ቢመጣ ይመረጣል፣ የተመታው ሰው ራሱ ላያስታውሰው ይችላልና።